ካባው ወንበር ላይ የተቀመጠበት ዘመን

ክረምት ሊገባ ሦስት ቀን ሲቀረው የከተማችን አዋጅ ነጋሪ ነጋሪቱን ሦስት ጊዜ ጎስሞ እንዲህ አለ፦ «የራቅህ ቅረብ፣ የቀረብህ ላልመጣው ንገር! ጉባኤው መክሮ ዘክሮ የደረሰበት ነገር ነው። ውሃ ዘንድሮም ከላይ ወደ ታች ይፈሳል።» ሕዝቡ ባርኔጣውን አውልቆ ቆሞ ሰማ። ከሽማግሌዎቹ ሁለቱ አለቀሱ። እኔም በየዓመቱ ብሰማው ልቤን ይነካኛል፤ ጉባኤው ካወጣቸው አዋጆች ሁሉ ሳይሻር የኖረው እሱ ብቻ ነውና።

የከተማዋን ስም አልጽፍም። የሚያውቃት ያውቃታል፤ የማያውቃትም ብዙ አልጎደለበትም። እኔ የጉባኤው አዳራሽ በር ጠሪ ነኝ። ፊደል የለየሁት በሩ ላይ ከሚለጠፍ ማስታወቂያ ስለሆነ ከማውቀው ቃል ግማሹ «ክልክል ነው» የሚል ነው።

ሥራዬ ቀላል ነው። ደፉን የረገጠው ምን እንደሆነ ጮክ ብዬ እናገራለሁ። የከተማው ወንድ ሲመጣ «ሰው ነው!» እላለሁ፤ ተቀማጩ ሁሉ ብድግ ብሎ «ኖር!» ይላል፤ የገባውም «በእግዜር» ብሎ ይቀመጣል። ከወንዙ ማዶ ያሉት ቦይ ቆፋሪዎች ሲመጡ «እጅ ነው!» እላለሁ፤ ማንም አይነሣም፤ ለእጅ ማን ይነሣል? የከተማው ሴት ስትመጣ «ጥላ ነው!» እላለሁ፤ የባሏ ጥላ ማለት ነው። ስለዚህም ሰማዩ በደመነ ቀን ሴቶች አይገቡም ነበር፤ ጥላ በደመና የለምና። ሕጋችን እንዲህ ነገር ተስተውሎበት የተሠራ ነው።

ማዶዎች ከእኛ በመልክ ጠቆር፣ በአነጋገር ጎላ ይላሉ። ብርድ እንደማይሰማቸው በከተማችን የታወቀ ነው። ማስረጃው፣ ክረምት ከበጋ ወንዝ ውስጥ እስከ ወገባቸው ቆመው ሲውሉ አንዳቸውም «በረደኝ» ብለው አለማወቃቸው ነው። እጅ በአዳራሹ አቤት ማለት ክልክል ነው፤ ይህ ከዚያ ጋር ይገናኝ እንደሆነ አልተጠናም።

የማዶ ሴት ብትመጣ ምን እንደሚባል ግን አባቶቻችን አልነገሩንም። አንድ ቀን ይታክቱ የምትባል የማዶ ሴት ደፉን ረገጠች። አፌ ተከፍቶ ቃል ሲያጣ ወደ አያ ደግአረገ አየሁ። አያ ደግአረገ የወግ ጠባቂ ናቸው፤ ማን ከማን በፊት እንደሚያስነጥስ እንኳ እሳቸው ያውቃሉ። ጢማቸውን ዳስሰው፣ «ንፋስ ነው» አሉኝ።

«ንፋስ ነው!» ብዬ ጠራሁ። ከተቀማጮቹ አንዱ ተነሥቶ በሩን ዘጋ። ይታክቱ ከውስጥ ሆና ሲዘጋ አየችው። ከዚያ ወዲያ ወግ ሆነ።

የመጣችው የውሃ አባታችን አያ አንለይ ስለሞቱ ነው። ወንዙን የሚያካፍለው፣ የትኛው የውሃ በር እንዲከፈትና እንዲዘጋ የሚያዝዘው የውሃ አባት ነው፤ ከእሱ ወንበር ካልታዘዘ ጠብታ አይንቀሳቀስም። አያ አንለይ ሃያ ዓመት ሙሉ ጎርፍ የሚመጣበትን ቀን ሲናገሩ አንድም ቀን አልሳቱም። ከመናገራቸው በፊት ወደ ማዶ ወርደው ይታክቱን እንደሚጠይቁ የምናውቅ ጥቂቶች ነበርን። የቀሩትም ያውቁ ነበር፤ ግን ለማወቅ አልተመቻቸውም።

በከተማችን የውሃ አባት የሚመረጠው በዱላ ነው። በድብደባ ማለቴ አይደለም፤ እሱ ለሌላ ሹመት ነው። ዕጩዎቹ የክረምቱ የመጀመሪያ ደራሽ ውሃ ከዳር ወጥቶ እስከዚህ ይመጣል ባሉበት አሸዋ ላይ ዱላቸውን ይተክላሉ፤ ቀኑንም ይናገራሉ። ውሃው የአንዱን ዱላ እግር አጥቦ ከተመለሰ ባለቤቱ ወንበሩን ይይዛል።

አምስት የከተማ ሰዎች በብር የተለበጡ አምስት ዱላዎች ተከሉ። በማግስቱ ስድስተኛ ተተክላ ተገኘች፤ ልጧ እንኳ ያልተላጠ የወይራ ዱላ። ይታክቱ አዳራሽ የገባችው ቀኑን ለመናገር ነበር። «ሐሙስ፣ ቀትር ላይ» ብላ ወጣች። ጉባኤው ንፋስ ሰማ። እኔ ሐሙስ ሰማሁ።

ሐሙስ ቀትር ላይ ውሃው መጣ። አምስቱን ባለብር ዱላ ነቅሎ ይዞ ሄደ፤ የወይራዋን እግር አጠበና ተመለሰ።

ጉባኤው ሦስት ቀን ተቀመጠ። በመጀመሪያው ቀን «ንፋስ ዱላ ይተክላል ወይ?» በሚለው ላይ ተከራከሩ። በሁለተኛው ቀን ዱላዋ ራሷ ትሾም የሚል ሐሳብ ቀርቦ፣ እሷም የበቀለችው ማዶ ነው ተብሎ በሁለት ድምፅ ወደቀ። በሦስተኛው ቀን አያ ደግአረገ ተነሥተው፣ አያ አንለይ ቢሞቱም ካባቸው እንዳልሞተ አስታወሱ። ወንበሩ ላይ ካባው ይቀመጣሉ፤ ይታክቱ ካባውን አምጥታ ታስቀምጣለች፤ ከወንበሩ ኋላ ቆማ ትናገራለች፤ ጉባኤው ካባውን ይሰማል። ሁሉም እፎይ አለ። ወጉም ዳነ፣ ውሃውም ተካፋይ አገኘ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ በዛ። ይታክቱ ካባውን በሁለት እጇ ይዛ ደፉን ስትረግጥ «ሰው ነው!» እላለሁ፤ ጉባኤው ብድግ ብሎ ለካባው «ኖር!» ይላል። ወዲያው «ንፋስ ነው!» እላለሁ፤ አንዱ ሄዶ በሩን ይዘጋል። ካባው «በእግዜር» ስለማይሉ ያን እሷ ከኋላቸው ትልላቸዋለች።

ውሃው ደግሞ በእውነት ተካፈለ። ከአያቶቻቸው ጀምሮ በመስኖ ተራ ሲፈነካከቱ የኖሩ ሁለት ቤተሰቦች ልጆቻቸውን አጋቡ። የላይ ሰፈር የመጨረሻው ጎመን እንኳ ተራው ደረሰው። ሁሉም የሚያመሰግነው ካባውን ነበር። «ካባው ዘንድሮ ፊታቸው ፈካ» ይላል አንዱ። «ጨዋ ናቸው፤ ቃል አያበዙም» ይላል ሌላው። በሁለተኛው ዓመት ካባውን አንገታቸው ላይ ብል በላቸው፤ ጉባኤው «አመማቸው» ብሎ ተራ በተራ ጠየቃቸው፤ ማር የያዘም ነበር። ይታክቱ ሌሊቱን በወፍራም ክር ሰፍታ ስታመጣቸው ለወጌሻው ሽልማት ተሰጠው። ወጌሻው ሽልማቱን ሲቀበል ትንሽ አፍሯል፤ ግን ተቀብሏል።

አንድ ነገር ብቻ ነበር ይታክቱ በካባው አፍ ደጋግማ የምትጠይቀው። በከባድ ጎርፍ ቀን ወጋችን አጭር ነው፦ የግራው በር ይከፈትና ውሃው በማዶ መንደር ላይ ይለቀቃል። «እጅ ቢርስ ይደርቃል» ይባላል። ይታክቱ እናቷን የቀበረችው ከእንዲህ ያለ ውሃ በኋላ ነው። የዚያን ጊዜ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ የእናቷን እግር ያወቀችው ተረከዟ ላይ ባለ ጠባሳ ነው። ይህን የነገረችኝ በሩ ላይ ቆማ ቀሚሷን ስትጨምቅ ነው፤ ድምጿን ዝቅም ከፍም አላደረገችም። ከአዳራሹ ጀርባ የደረቀ አሮጌ ፈፋ አለ፤ እሱ ይጠረግ ትላለች፤ ያኔ ጎርፉ ማንም በሌለበት ሜዳ ይወጣል። ከተማውም፣ ማዶም አይነካም።

የካባው ቃል ሕግ ነውና ፈፋው ተጠረገ። የጠረጉት ማዶዎች ናቸው፤ ዓመት ፈጀባቸው። የቀረው ሠላሳ ክንድ ብቻ ነበር፤ እሱ ግን የጉባኤው የክብር ሜዳ ላይ ወደቀ፤ ውሃ ከላይ ወደ ታች ይፈሳል የሚለው አዋጅ የሚነበብበት ሜዳ ላይ።

አያ ደግአረገ ተነሡ። «ካባው ይህን አላሉም» አሉ። «እዚህ ላይ የሰማነው ንፋስ ነው።»

ጉባኤው ራሱን ነቀነቀ። እስከዚያ ቀን ካባው ሲናገሩና ንፋስ ሲነፍስ ለይቶ የሰማ አልነበረም። ይታክቱ ካባውን አጣጥፋ ይዛ ወጣች።

በዚያው ሳምንት ከታች ያለችው ጎረቤት ከተማ መልእክተኛ ላከች፦ የእናንተ ካባ ጥበባቸው ተሰምቷል፤ ለአንድ ክረምት አውሱን። አያ ደግአረገ ደስ አላቸው። በዘፈንና በከበሮ፣ በስድስት ፈረሰኞች ታጅበው ካባው ሄዱ። ካባው ከሌሉ ደግሞ ይታክቱ ይዛ የምትገባው የለም፤ ብቻውን ለሚመጣ ንፋስ በር አይከፈትም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የጎረቤት ከተማ ደብዳቤ ላከች። «ካባችሁ ዝም ብለዋል» ይላል። «ምን ሲበሉ ነው የሚናገሩት?» የእኛ ጉባኤ «እያሰቡ ነው፤ አታቻኩሏቸው» ብሎ መለሰ።

ይታክቱ በየጧቱ እየመጣች ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ትቀመጥ ነበር፤ ወንዙን ታያለች፣ ተራራውን ታያለች። አንድ ቀን ወደ እኔ ዞር ብላ፣ «ጠሪው» አለችኝ፣ «ሦስት ዓመት በሩ ሲዘጋብኝ እጀታውን የምታቀብለው አንተ ነህ። ጣትህን አንድ ቀን እንኳ አልቆነጠጠህም?»

እኔ ጠሪ እንጂ ስም አውጪ አለመሆኔን ነገርኳት።

«አዬ» አለች። «ደኅና ሥራ ይዘሃል።» ከዚያ ተራራውን አየች። «ቅዳሜ ይመጣል። እናቴን የወሰደው ዓይነት ነው። ለውስጦቹ ንገርልኝ።»

ገብቼ ነገርኩ። አያ ደግአረገ ማን እንዳለ ጠየቁኝ። ማን እንዳለ ለመናገር የሚሆን ቃል ስላልነበረኝ ወደ በሬ ተመለስኩ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ተራራው በደመና ጠፋ። ከሰማይ ሳይሆን ከመሬት የሚመጣ የሚመስል ጉርምርምታ ተሰማ። ጉባኤው ሮጦ ተሰበሰበ፤ ሃያ አንድ ሰዎች ባዶ ወንበር ከበው ተቀመጡ። ስድስቱ ፈረሰኞች ካባውን ሊያመጡ ጋለቡ፤ መንገዱ ግን መሄድና መምጣት ሦስት ቀን ነው። አያ ደግአረገ ከደጃፉ ወጥተው ለውሃ በር ጠባቂዎቹ «የግራውን ክፈቱ!» ብለው ጮኹ።

በር ጠባቂዎቹ ማዶዎች ናቸው። አልተቆጡም፣ አልናቁም። ውሃው ጉልበታቸው ላይ ደርሶ፣ ቆመው በትሕትና ጠየቁ፦ «ከወንበሩ ታዟል?»

እጅ ከወንበሩ ካልታዘዘ እንዳይንቀሳቀስ የሚለውን ሕግ ያወጡት የአያ ደግአረገ አያት ናቸው። በአዳራሹ ግድግዳ ላይ ተቀርጿል። አያ ደግአረገ ተመልሰው ገብተው ጽሑፉን አዩት። ጉባኤው ሁሉ አየው። ውሃው እየጨመረ ነበር፤ የትኛውም በር ካልተከፈተ ደግሞ በቀጥታ የሚመጣው ወደ እኛ ነው።

አንድም ሰው ስሟን አልጠራም። አያ ደግአረገ፣ «ጠሪው፣ እዚህ ቤት ታፍኗል» አሉ። «በሩን ክፈተው። ንፋስ ይግባ።»

ከፈትኩት። ይታክቱ ደፉ ላይ ቆማለች፤ ከቀሚሷ ውሃ ይንጠባጠባል፣ የወይራ ዱላዋን ይዛለች። ገብታ ትናገር ብዬ ጠበቅኋት። አልገባችም።

«ልግባ?» አለች።

«ግቢ እንጂ!» አሉ ከውስጥ ሁለት ሦስት ሰዎች፤ በአንድ ላይ።

እሷ ግን ወደ እኔ ነበር የምታየው። «ምን ሆኜ ነው የምገባው?» አለችኝ። «ንፋስ ከሆንኩ ንፋስ ጎርፍ አያዝም። ጥራና ልግባ፤ ወይም ተወውና ሁላችንም እንስማው።»

ሁላችንም ሰማነው። ጉርምርምታው አሁን ወለሉ ላይ ነበር። የአያ ደግአረገን ፊት ፈለግሁ፤ እሳቸው ጣሪያውን ያያሉ። ሠላሳ ዓመት ጠርቻለሁ፤ አንድም ቀን ቃሉን ራሴ መርጬ አላውቅም ነበር።

«ሰው ነው!» አልኩ።

ልማድ ጉድ ነው። ሃያ አንድ ጥንድ ጉልበት ልብን ሳያማክር ብድግ አለ። «ኖር!» አሉ፤ ካሉ በኋላ ደግሞ ቆመው ቀሩ፤ እርስ በርስ ላለመተያየት እየተጠነቀቁ።

ይታክቱ ቀኝ እግሯን አስገባች። «በእግዜር» አለች፤ ለካባው ስትለው እንደኖረችው ሳይሆን ቀስ አድርጋ፣ የራሷን። ወንበሩን አልፋ ሄዳ የኋላውን መስኮት ከፈተች፤ በዱላዋ የክብር ሜዳውን አመለከተች። ሠላሳዋ ክንድ አሁን እንድትቆፈር አዘዘች።

አንዱ፣ በሮቹን የያዙት ማዶዎች ከለቀቁ ከተማው እንደሚጠፋ፣ እዚህ ደግሞ የሚቆፍር እጅ እንደሌለ አስረዳ።

ይታክቱ የቆሙትን አንድ በአንድ አየቻቸው፤ ከፊታቸው ዝቅ አድርጋ። «እጅማ ሞልቷል» አለች።

በዚህ መሐል ሌላ ደፉን ረገጠ። የአያ ደግአረገ ባለቤት እትዬ አጸደ ናቸው፤ አካፋ ይዘዋል፤ ከኋላቸው የከተማው ሴቶች ተሰልፈዋል፣ አካፋ ያላት በአካፋ፣ ዶማ ያላት በዶማ። እንደ ልማዴ ሰማዩን አየሁ። ጥቁር ነው፤ ጥላ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ «ሰው ነው!» አልኩ። «ኖር!» አሉ። ቀጣይዋ ገባች፤ «ሰው ነው!» «ኖር!» እንዲህ እንዲህ ሲል ጉባኤተኛው ለመቀመጥ ጊዜ አላገኘም። ቆሞ ከመዋል መቆፈር ይሻላል ብለው ይሆናል፣ ተከታትለው ወጡ።

ያን ቀን የወግ ጠባቂው ጫማቸውን አውልቀው ሲቆፍሩ አይቻለሁ። ባለቤታቸው «ዝቅ ብለው ነው እንጂ! መሬቱ ወዳንተ አይመጣም» እያሉ አንዴ በአንቱ አንዴ በአንተ ያዝዟቸው ነበር። አፈሩ እየተናደ ሲያስቸግር መደገፊያ እንጨት ተፈለገ። በቅርብ የተገኘው ወንበሩ ነበር። እትዬ አጸደ ተሸክመው አምጥተው አፈሩን ደገፉበት። ማንም ተው አላላቸውም።

ሠላሳኛዋ ክንድ ስትሰበር ውሃው አንዴ አመነታ፤ ከዚያ እንደ ከብት መንጋ ፈፋው ውስጥ ገባ። ወንበሩን ነቅሎ ወሰደው፤ እግሮቹን ወደ ሰማይ አንስቶ ሲሄድ አየነው። ማዶ አንዲት ዶሮ አልረሰችም። ከተማው አንድ ግድግዳ አልጎደለበትም። ከማዶ እልልታ ተሰማ፤ ከወዲህ ዳር ያሉት ሴቶች መለሱለት፤ ወንዶቹም ጥቂት ቆይተው፣ በማያውቁት ሥራ እንደሚገባ ሰው፣ እየተያዩ ጨመሩበት። እኔም አጨበጨብኩ። ጣቴ ላይ ቁስል መኖሩን ያየሁት ያን ጊዜ ነው።

ይታክቱ ሦስት ቀን ከውሃው አልወጣችም፤ የፈፋውን ዳር ከቆፋሪዎቹ ጋር እየጠበቀች ዋለች አደረች። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ጉባኤው ተሰበሰበ። ወንበር ስለሌለ ሁሉም አግዳሚ ላይ ተደራርቦ ተቀመጠ፤ ይታክቱ ከመካከላቸው ነበረች፤ እትዬ አጸደም፣ በር ጠባቂዎቹም። ስለሚቀጥለው ተራ እያወሩ ሳለ በሩ ተንኳኳ።

ስድስቱ ፈረሰኞች ናቸው። ካባውን በሁለት እጅ ይዘዋቸዋል። የጎረቤት ከተማ ሰዎች ካባውን ሲመልሱ ምንም እንዳላንገራገሩ፣ እንዲያውም ከአሸዋቸው ያገኙትን አንድ ባለብር ዱላ በምርቃት እንደጨመሩ ነገሩን። ደፉ ላይ ቆመው ጥሪዬን ጠበቁ።

ካባውን አየሁት። አንገቱ ላይ የይታክቱ ወፍራም ክር ይታያል።

«ልብስ ነው» አልኩ።

የተነሣ የለም። የተቃወመም የለም። አንዱ ጉሮሮውን ጠራረገና ተወው።

ፈረሰኞቹ በሩን ከፍተው እንደቆሙ ከወንዙ በኩል ንፋስ ገባ፤ እውነተኛው። ይታክቱ እርጥብ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ እጆቿን በብብቷ ሸጎጠች።

«በረደኝ» አለች።

ከማዶ ሰው አፍ ይህ ቃል በዚያ አዳራሽ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር። ሁሉም ወደ አያ ደግአረገ ዞረ። ሊሆን እንደማይችል የሚያስረዱ እሳቸው ናቸው።

አያ ደግአረገ ተነሡ። በአጠገቤ አልፈው፣ ፈረሰኞቹን አስገብተው በገዛ እጃቸው በሩን ዘጉ። ከፈረሰኛው ክንድ ላይ ካባውን ወሰዱ፤ የመንገድ አቧራውን አራገፉለት፤ ሄደው ይታክቱ ትከሻ ላይ አኖሩት። አንገቱ ጋ ያለውን ማያያዣ ሲፈልጉ ጣታቸው ክሩን ነካ።

«ጠበቅ ላድርግልዎ?» አሉ።